መልስ፦ ኢ39 ኤም5 ገዝቼ ስሸጠው ያዋጣኛል?

180 ሺህ ኪሎሜትር የሄደ ቢኤምደብሊው ኢ39 ኤም5 (የ5 ተከታታዩ ፈጣን ሞዴል) ያዋጣ እንደሆነ ለጠየቅከው፦ ከኪሎሜትሩ ይልቅ ዋጋውን የሚወስነው የጥገና ደረሰኙ ነው። ባለ 4.9 ሊትር ቪ8፣ 400 የፈረስ ጉልበት፣ ማርሹም ባለ 6 ማንዋል ብቻ ስለሆነ ፈላጊ አያጣም።

ሻጩ አሙቆ እንዳይጠብቅህ፤ ሞተሩን ቀዝቃዛ እያለ ራስህ አስነሳው። ከጥቂት ሰከንድ በላይ ካንኳኳ ቫኖሱን (ቫልቮቹ የሚከፈቱበትን ጊዜ የሚያስተካክለውን ክፍል) ወይም የሞተሩን ካቴና የሚመራውን ፕላስቲክ ጠርጥር። ይህን ፕላስቲክ ለመቀየር የሞተሩ ፊት መፈታት አለበት፤ ሂሳቡ ይከብዳል፣ ከዋጋው ላይ አስቀንስ። ከዚያ በጎን ሽፋኖቹ ሥር ክሪክ የሚገባባቸውን ቦታዎች በባትሪ እያበራህ እይ። ዝገቱ ብረቱን ከበላው ተወው። ጭስ ማውጫው ወይም ቸርኬው ከተቀየረ ኦሪጅናሉን አብሮ ይስጥህ፤ ነገ ገዢህም የሚጠይቅህ እሱኑ ነው። ቀለሙ እንደ ምርጫህ።