ለግንቦቱ ሰርግ የጠረጴዛ ቁጥር መያዣ ለጠየቁት እኅታችን

ውድ እኅታችን፣ ጥያቄዎ ለወንድምዎ የግንቦት ሰርግ፣ አራት መቶ ያህል እንግዳ በሚቀመጥበት የአዲስ አበባ አዳራሽ፣ ለጠረጴዛ ቁጥሮችና ለቡፌ ጽሑፎች አክሪሊክ የሚባለው ጠንካራ የፕላስቲክ ሉህ ይሻላል ወይስ ወርቃማው የብረት መቆሚያ፣ ደግሞስ መከራየት ይሻላል ወይስ ማሠራት የሚል ነው። ከእኔ በፊት የመለሱልዎ ሰዎች የሚያማምሩ ፎቶዎች ለጥፈውልዎታል፤ ይሁንና እነዚያ ፎቶዎች በሙሉ እንግዳ ከመግባቱ በፊት፣ መብራቱ ሁሉ በርቶ፣ ከጠረጴዛው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት የተነሡ ናቸው። እኔ የታናሽ እኅቴን ሰርግ በኪራይ መያዣ፣ የአጎቴን ልጅ ሰርግ ደግሞ ባሠራሁት መያዣ ያስተናገድኩ ስለሆነ፣ የእርስዎም ድግስ ከእኛው ጋር አንድ ዓይነት ስለሚመስለኝ፣ የምመክረውን አስቀድሜ እነግርዎታለሁ። አይከራዩ፤ ያሠሩ፤ ሲያሠሩም ከመልኩ በፊት ቁመቱንና ክብደቱን ይወስኑ።

1. ቁመት። ቁመቱን የሚወስነው ጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጠው ሰው ሳይሆን ከበር ገብቶ፣ ቆሞ ቦታውን የሚፈልገው ሰው ነው። ጠረጴዛ አብዛኛውን ጊዜ 75 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አለው፤ ወንበር ላይ የተቀመጠ ጎልማሳ ደግሞ አናቱ ከወለሉ ወደ 130 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ ኤ6 የሚባለውን ትንሽ ካርድ በአጭር አክሪሊክ አቁመው ቢደረድሩ፣ የፊተኞቹ ጠረጴዛዎች እንደሞሉ የኋለኞቹ ቁጥሮች ከሰው ትከሻና ከአበባ ጀርባ ይሰወራሉ። ቁጥሩ የተጻፈበት ሰሌዳ ከጠረጴዛው 55 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይጀምር፤ ከሥሩ ያለው ዘንግ ግን ቀጭን ይሁን፤ አለበለዚያ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሰዎች አንገታቸውን ወዲህና ወዲያ እያሉ ለመጫወት ይገደዳሉ። የአበባውን ቁመት ሳይጠይቁም መያዣ አይዘዙ፤ ዲኮር የሚሠራልዎ ሰው ረጅም የአበባ ማስቀመጫ ካመጣ ቁጥርዎ ቅጠል ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ እርሱም ስለ አበባው እንጂ ስለ ቁጥርዎ አይጨነቅም።

2. የቁጥሩ መጠንና ቀለም። በምልክት ሥራ የታወቀው ልማድ ለየ3 ሜትሩ ርቀት 2.5 ሴንቲ ሜትር የጽሑፍ ቁመት መስጠት ነው፤ ከ12 ሜትር ላይ እንዲነበብ ከፈለጉ ቁጥሩ ራሱ 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን ማለት ነው። ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥር በዚህ መጠን ኤ6 ላይ አይገባም፤ የኤ6 ስፋት 10.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነውና፤ 14.8 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋው ኤ5 ግን በሚገባ ይይዘዋል። ወርቃማ ጽሑፍ በነጭ ላይ ወይም ነጭ ጽሑፍ በሚያሳይ አክሪሊክ ላይ ፎቶ ውስጥ ያምራል፤ ሙሽሮቹ ሲገቡ መብራቱ ደብዝዞ ሐምራዊው ሲበራ ግን ይጠፋል። መስታወት የሚመስለውን አክሪሊክ ደግሞ ጨርሶ ይተዉት፤ የቪዲዮ ቀራጩን መብራት መልሶ ዓይን ውስጥ ይረጫል። ነጭ ሰሌዳ ላይ ጥቁር ቁጥር፣ በሁለቱም ገጽ ይጻፍ። የኤል ቅርጽ ያለው መያዣ በአንድ ወገን ብቻ ስለሚነበብ ለቡፌ እንጂ ለጠረጴዛ አይሆንም።

3. ክብደት። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ገንዘቤም ንዴቴም የቀረው እዚህ ነውና። ለእኅቴ ሰርግ ያከራየን ድርጅት፣ ስሙን አልጠራውም፣ በስልክ ፎቶ ያሳየን መቆሚያ ከባድ የብረት መሠረት የነበረው ነው። በዕለቱ ጠዋት በካርቶን የመጣው ግን ዘንጉ ባዶ ቱቦ፣ መሠረቱ ከስኒ ማስቀመጫ ብዙም የማይሰፋ ቆርቆሮ ሆኖ ተገኘ። ለምን እንደተለወጠ ስጠይቅ ያመጣው ልጅ «ያው ወርቃማ ነው» ብሎ ካርቶኖቹን በር ላይ አራግፎልን ሄደ። ከታች ወፍራም ጨርቅ፣ ከላይ ሳቲን በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ያለ መቆሚያ የሚቆየው ሰው ወንበር እስኪስብ ድረስ ነው። አንዱ ወድቆ ብርጭቆ ሰበረ፣ ሌላውን ልጆች ይዘውት ሮጡ፤ አስተናጋጆቹም ነገሩ ሲደጋገምባቸው የቀሩትን እየሰበሰቡ ከጠረጴዛ ሥር አስተኟቸው። ከደብረ ብርሃን የመጡት የአባታችን ወገኖች ሲደርሱ በአዳራሹ ግማሽ ክፍል ውስጥ አንድም የሚታይ ቁጥር አልነበረም። የጥሪ ካርዳቸው ላይ ቁጥራቸው በግልጽ ተጽፎላቸው ሳለ፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች በጠረጴዛዎች መካከል ሲመላለሱ ቆይተው በመጨረሻ የሙሽራው ባልደረቦች ተጠግተው አስቀመጧቸው። ይህን እስከ ዛሬ ያነሡብናል፤ መውቀሳቸውም አይበዛባቸውም።

ጉዳቱ በዚህ አላበቃም። በእኛ ድግስ የጠረጴዛ ቁጥር ሥራው ሰው ተቀምጦ ሲያበቃ አያልቅም፤ ውስኪና ወይን የሚታደለው፣ የጎደለም የሚሞላው በጠረጴዛ ቁጥር ተመዝግቦ ነው። የመጠጥ ኃላፊ የነበረው የአክስቴ ልጅ መዝገቡን ይዞ ቀረ፤ አንዱ ጠረጴዛ ሁለት ጊዜ ሲደርሰው ሌላው ውኃ ይዞ ተቀመጠ፤ ማታ ባዶ ጠርሙስና መዝገብ ሲመሳከር ሊገናኝ አልቻለም። ስለዚህ «እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ ቁጥሩን ማንሣት ይቻላል» ያሉዎትን አይስሟቸው።

ከዚያ ወዲያ የመመለሱ ጣጣ መጣ። ውሉ ዕቃው በማግስቱ ጠዋት እንዲመለስ ያዝዝ ነበር። ሌሊት ድግሱ ሲያበቃ የአዳራሹ ሰዎች ምንም ዕቃ አይወጣም፣ ነገ ትወስዳላችሁ ብለው ዘጉብን። በማግስቱ እኛ ለመልሱ ስንራወጥ ወንድሜን ላክነው፤ የአስተዳደር ቢሮዋ ሠራተኛ ከወንበሯ ሳትነሣ ቁልፍ የያዘው ሰው ዕረፍት ላይ እንደሆነ፣ የእንግዳ ዕቃ መጠበቅም የእነርሱ ሥራ እንዳልሆነ ነግራ መለሰችው። ቀብድ ስንከፍል ቡና ያስቀረበችልን ይህችው ሴት ነበረች። አከራዩ የዘገየንበትን ሁሉ እንደ ተጨማሪ ኪራይ ቆጠረብን፤ ያ አልበቃ ብሎት ከመምጣታቸውም በፊት የነበሩ ጭረቶችን የእናንተ ናቸው ብሎ ከማስያዣው ገንዘብ ከግማሽ በላይ አስቀረ። ስንከራከር ከአንድ ዓመት በፊት የተነሣ የሚመስል አዲስ የሚያበራ ዕቃ ፎቶ እያሳየ ነበር። ግድ ሆኖብዎ ከተከራዩ እንግዲህ እያንዳንዱን መቆሚያ ሲረከቡ በቪዲዮ ይቅረጹ፣ ብዛቱንና ጭረቱን ጽፈው ያመጣውን ሰው ያስፈርሙ፣ የመመለሻውንም ቀን ከመልሱ በኋላ አድርገው በውሉ ላይ ያጽፉ። ከአዳራሹም ጋር ሌሊት ዕቃ የሚያስወጣላችሁን ሰው ማንነት አስቀድመው ይነጋገሩ።

አራተኛው ነጥብ ስለ ማሠራት ነው፤ በዚህ በኩል እኮራለሁ ብል ጓደኞቼ አይከለክሉኝም። ለአጎቴ ልጅ ሰርግ መሠረቱን ከእብነ በረድ ቁራጭ አሠራሁት። ለወለልና ለደረጃ እብነ በረድ የሚቆርጡ ሱቆች የተረፋቸውን ቁራጭ በጥቂት ገንዘብ ይለቁታል። 12 በ12 ሆኖ ውፍረቱ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ከሦስት ሩብ ኪሎ በላይ ስለሚመዝን፣ ሰው ጨርቁን ቢስበው እንኳ በቀላሉ አይወድቅም። መካከሉን አስበስቶ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ፌሮ በኢፖክሲ ማጣበቅ፣ ፌሮውን ጥቁር መቀባት፣ ከእብነ በረዱ ሥር ደግሞ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጦ መለጠፍ ብቻ ነው። ላስቲኩ ከሌለ ሳቲን ላይ ይንሸራተታል። ከፌሮው ጫፍ ላይ ቁጥሩ የሚሰካባት የዋንዛ ቁራጭ አለች፤ አናጺው ስንጥቋን በ3 ሚሊ ሜትር ቆርጦ ቫርኒሽ ሲቀባት ጠበበችና አክሪሊኩ አልገባም አለ፤ እንደገና በሞረድ ማስፋት ነበረበት። ስለዚህ አክሪሊኩን ራሱን ይዘው ለአናጺው ይስጡት፤ ስንጥቁም ከቫርኒሹ በኋላ በአክሪሊኩ ይለካ። ሦስት ሚሊ ሜትር ተብሎ የሚሸጠው ሉህ ሁልጊዜ ልክ ሦስት አይሆንም።

ሰሌዳው ነጭ አክሪሊክ ይሁን፤ ቁጥሩ በስቲከር ይለጠፍበት፤ የሙሽሮቹን ስምና ቀን ግን በጭራሽ አያስጽፉበት። ስማቸው በር ላይ በሚቆመው የእንኳን ደኅና መጣችሁ ሰሌዳ ላይ ይበቃቸዋል፤ ቁጥሩ ላይ ከተጻፈ መያዣው በማግስቱ ለማንም የማይሆን ዕቃ ይሆናል። 6 እና 9 ሥር መስመር ያስምሩ፤ ሰሌዳው ከስንጥቁ ስለሚወጣ የሚተክለው ልጅ ገልብጦ ከሰካው ሁለት ዘጠኝ ይኖርዎታል፤ የስድስት ቁጥር እንግዶችም ሜዳ ላይ ይቀራሉ። አጎቴ ቁጥሩ በግእዝ አኃዝ እንዲሆን አጥብቆ ጠይቆ ነበር፤ ያምራልም። ነገር ግን ፮ እና ፯ ከሩቅ አይለዩም፤ ወጣቱ እንግዳም ፳፬ን ቆሞ ለማስላት ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ የተለመደውን ቁጥር በትልቁ፣ ግእዙን ከሥሩ በትንሹ አድርገን አስማማነው።

የቡፌውን ጽሑፍ ከጠረጴዛ ቁጥር አሳንሰው እንዳያዩት እለምንዎታለሁ። ግንቦት በአብዛኛው በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሚውል የጾም ምግብ ምልክት ላያስፈልግዎ ይችላል፤ የሙስሊም እንግዶች ማዕድ ምልክት ግን በማናቸውም ወር ያስፈልጋል። የጠረጴዛ ቁጥር ቢጠፋ ሰው ቆሞ ይጠብቃል፤ ይህኛው ምልክት ወድቆ ወይም ከሳህን ቁልል ጀርባ ተሸፍኖ አንድ እንግዳ የማይገባውን ሥጋ ቢያነሣ ግን በይቅርታ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ቡፌው ላይ በትንሽ ካርድ አይወስኑት፤ ኤ3 በሚይዝ፣ ወለል ላይ በሚቆም ከባድ መቆሚያ ሰልፉ በሚጀምርበት ቦታ ያቁሙት፤ አንድ የሚያስተናግድ ሰውም ከጎኑ ይመድቡ። ለወጡ ስም የሚሆኑት ትናንሽ የኤል መያዣዎች ከሻፊንግ ዲሹ (ወጡ በፈላ ውኃ እንደሞቀ ከሚቆይበት ዕቃ) እንፋሎት ራቅ ይበሉ፤ ወረቀቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጠቀለላል፤ ላሚኔት ቢደረግ እንኳ በጠርዙ ውኃ ይገባዋል። ቁርጥ የሚቆረጥበት ጥግ ወረቀት ጭራሽ አይሠራም፤ እዚያ በጨርቅ የሚጠረግ ስቲከር የተለጠፈበት አክሪሊክ ብቻ ነው የሚያዋጣው። ሲያጸዱት ደግሞ በሳሙናና በውኃ በራሰ ለስላሳ ጨርቅ ይሁን፤ በአልኮል ወይም በሳኒታይዘር የተወለወለ አክሪሊክ፣ በተለይ በሌዘር የተቆረጠው ጠርዙ፣ የፀጉር ያህል የቀጠኑ ስንጥቆች ያወጣል። ይህን የነገረኝ ሌዘር ቆራጩ ነው፤ የተከራየናቸውን የቡፌ መያዣዎች ጠርዝ ሳስታውስ እነዚያም በዚሁ መንገድ የተበላሹ ይመስለኛል፤ አከራዩ ግን ያንንም በእኛ ላይ ጽፎታል።

ጊዜውን በተመለከተ ከሰሙነ ሕማማት በፊት ይዘዙ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሰርግ ሲከፈት ማተሚያ ቤቱም ሌዘር ቆራጩም በጥሪ ካርድና በሰሌዳ ይጨናነቃሉ፤ የእርስዎ አርባ ቁጥር ለእነርሱ ትንሽ ሥራ ስለሆነ ወደ ኋላ ይገፋል። አንድ ናሙና ብቻ አስቀድመው ያሠሩና አዳራሹ ውስጥ፣ አበባው በሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ አቁመው ከበሩ ሆነው ይዩት። ካልታየዎ ፌሮውን ማስረዘም ወይም ማሳጠር የደቂቃ ሥራ ነው።

ከአርባው በተጨማሪ ምንም ያልተጻፈባቸው ጥቂት ነጭ ሰሌዳዎችን ከነመሠረታቸው ያስቀምጡ፤ የነጭ ሰሌዳ ማርከርም አብረው ይያዙ፤ አክሪሊክ ላይ ተጽፎ በደረቅ ጨርቅ ይጠፋል። አራት መቶ ተብሎ የተጠራ እንግዳ አራት መቶ ሆኖ ሲመጣ አላየሁም፤ ከበር ላይ ተጨማሪ ጠረጴዛ ሲዘረጋ 41 ብለው ጽፈው የሚያቆሙት በዚያ ነው።