ስለ ያዕቆብና መልአኩ ሥዕል፦ ትግል ነው ወይስ እቅፍ?

ያዕቆብ ከመልአኩ ጋር ሲታገል በሚያሳየው በዚህ ሥዕል ላይ መልአኩ የሚታገል ሳይሆን የሚያቅፍ መስሎ የታየዎት ተሳስተው አይደለም፤ ሆላንዳዊው ሠዓሊ ሬምብራንት ይህን የዘይት ቀለም ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1659 ገደማ ሲሠራ ትግሉንና በረከቱን በአንድ ቅጽበት አገናኝቷቸዋል።

ይህን ለማስተዋል የመልአኩን እጆች ይከተሉ። አንደኛው በዘፍጥረት 32፥25 የተነካውን የያዕቆብን የጭን ሹልዳ (የጭንና የዳሌ መጋጠሚያ) ሲጫን፣ ሌላኛው የያዕቆብን አንገት ከኋላ ደግፎ ይዟል፤ ፊቱ ደግሞ፣ ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀው ይህ ነው፣ ቁልቁል ወደ ያዕቆብ እያየ ፍጹም የተረጋጋ ነው። የሚጨነቀው ያዕቆብ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። ብዙ ተመልካቾች ከክንፎቹ ተነሥተው ረጅም ትርጓሜ ሲገነቡ አያለሁ፤ ዘፍጥረት ምዕራፍ 32 ግን በትግሉ ታሪክ ክንፍን ጨርሶ አያነሣም፣ የሚናገረውም ስለ «አንድ ሰው» ነው፤ መልአክ ብሎ የሚጠራው ሆሴዕ 12፥4 ነው። ስለዚህ ሁለቱን ክፍሎች አስቀድመው ያንብቡና ከጽሑፉ የመጣውን ሠዓሊው ከጨመረው ይለዩ።