በአባታችን ስም ስኮላርሺፕ ብንከፍትስ?

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች አሜሪካ ካሉ አንባቢዎች የመጡ ናቸው። ሁሉም በሟች ስም ስለሚሰጥ መታሰቢያና ስለ ስኮላርሺፕ ስለሚያነሱ አንድ ላይ አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ አባታችን መምህር ነበሩ፤ ባለፈው ዓመት አረፉ። የተዝካሩን ወጪ ቀንሰን፣ እህትና ወንድም አዋጥተን 25,000 ዶላር ይዘናል። በስማቸው በየዓመቱ አንድ ተማሪ መርዳት እንፈልጋለን። የራሳችንን ድርጅት ብናቋቁም ይሻላል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ነፍስ ይማር። በዚህ መጠን የራስን ድርጅት ማቋቋም አንመክርም። የማመልከቻው ክፍያ፣ በየዓመቱ ለአይአርኤስ (ለፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት) የሚቀርበው ሪፖርትና የሒሳብ ባለሙያው ደመወዝ ለተማሪ የታሰበውን ገንዘብ ይበሉታል። የቤተሰብ ፋውንዴሽን ከሆነ ደግሞ ስኮላርሺፕ ከመስጠቱ በፊት የአመራረጥ ሥርዓቱን አይአርኤስ ማጽደቅ አለበት።

የሚቀለው መንገድ የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን ውስጥ ፈንድ መክፈት ነው። ይህ ዓይነቱ ተቋም የብዙ ቤተሰቦችን ፈንድ በአንድ ጣሪያ ሥር ያስተዳድራል፤ ገንዘቡን ኢንቨስት ያደርጋል፣ ማመልከቻ ይቀበላል፣ ቼኩን ለኮሌጁ ይልካል። የመጀመሪያውን በ1914 ክሊቭላንድ ውስጥ ያቋቋመው ፍሬድሪክ ጎፍ የተባለ ጠበቃና የባንክ ሰው ነው። በእናንተ አካባቢ የታላቋ ዋሽንግተን ማኅበረሰብ ፋውንዴሽን ከ1973 ጀምሮ አለ። ፈንድ ለመክፈት የሚጠየቀው ዝቅተኛ መጠን ከተቋም ተቋም ይለያያል፤ አንዳንዱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እየጨመሩ እንዲሞሉት ይፈቅዳል። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ቦታ ጠይቁ።

ዋናው ውሳኔያችሁ ግን ዋናው ገንዘብ ይነካ ወይስ አይነካ የሚለው ነው። ቋሚ ፈንድ ከሆነ በየዓመቱ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ 4 በመቶ አካባቢ ነው፤ ከ25,000 ዶላር 1,000 ማለት ነው። የአስተዳደር ክፍያው 1.5 በመቶ ቢሆን ሌላ 375 ዶላር ይወጣል። ስለዚህ ፈንዱ እንዳይመነምን የገበያው ትርፍ 5.5 በመቶ ሲደመር የዋጋ ግሽበት መሆን አለበት። ዋናው ይውጣ ካላችሁ ግን ለአሥር ዓመት ያህል በየዓመቱ ወደ 2,500 ዶላር መስጠት ይቻላል። በእኛ ግምት ለእናንተ ሁለተኛው ይበልጣል። ስማቸው ለዘላለም እንዲቆይ መመኘታችሁ የሚገባ ነው፤ ነገር ግን 1,000 ዶላር የአንድ ዓመት መጽሐፍና ትራንስፖርት ከሸፈነ ብዙ ነው፣ 2,500 ግን አንድ ተማሪ ከሥራ ሰዓቱ ቀንሶ እንዲያጠና ያስችለዋል። በኋላ ዘመድ ወዳጅ ከጨመረበት ወደ ቋሚ ፈንድ መቀየር ይቻል እንደሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

ውሉ ላይ ሁለት አንቀጾችን ፈልጋችሁ አንብቡ። አንደኛው ስጦታው የማይመለስ መሆኑን የሚናገረው ነው፤ ገንዘቡ ከገባ በኋላ የእናንተ አይደለም። ሁለተኛው ዓላማው ሊፈጸም የማይችል ሲሆን ቦርዱ እንዲለውጠው ሥልጣን የሚሰጠው ነው። ይህ አንቀጽ ቤተሰብን ያስደነግጣል፤ ባይኖር ግን የተጠቀሰው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ገንዘቡ ታስሮ ይቀር ነበር። «በቅድሚያ ቤተሰቡ ይጠየቅ» የሚል ሐረግ እንዲጨመር ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ተማሪውን የምንመርጠው እኛው መሆን እንፈልጋለን። የእህቴ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ኮሌጅ ስለሚገባ ለእሱ ብንጀምርስ? (ያው ቤተሰብ)

መልስ፦ አይቻልም። በ2006 የወጣው የፌዴራል ሕግ በለጋሽ ምክር የሚመራ ፈንድ (ለጋሹ ገንዘቡ ለማን እንደሚሰጥ ሐሳብ የሚያቀርብበት) ለግለሰብ ገንዘብ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ስኮላርሺፕ የሚፈቀደው ሁሉንም የኮሚቴ አባላት ፋውንዴሽኑ ሲሾም፣ ለጋሹና ዘመዶቹ ኮሚቴውን ሳይቆጣጠሩ፣ ምርጫውም ቦርዱ አስቀድሞ ባጸደቀው ከአድልዎ ነፃ በሆነ ሥርዓት ሲካሄድ ነው። ከአምስት አባላት አንዱ ወይም ሁለቱ ከቤተሰብ ሊሆኑ ይችላሉ። የእህትዎን ልጅ ግን ከኪስዎ ይርዱት፤ ለዚያ የታክስ ቅናሽ የለም።

ቤተሰቡ በእውነት ድምፅ የሚኖረው መስፈርቱ ሲጻፍ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚያ ላይ አውሉት። የተለመደው ስህተት ማጥበብ ነው። «ከአንድ ወረዳ የመጣ፣ ነርሲንግ የሚያጠና፣ አማካይ ውጤቱ (ጂፒኤ) ከ3.8 በላይ» ከተባለ አመልካች የማይገኝበት ዓመት ይመጣል። በትውልድ አገር ወይም በብሔር መገደብም አስቸጋሪ ነው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኮሌጆች ተማሪ ሲቀበሉ ዘርን መስፈርት እንዳያደርጉ ከከለከለበት ከ2023 ውሳኔ ወዲህ ብዙ ፋውንዴሽኖች በዚህ ላይ ጥንቃቄ ያደርጋሉ። «ከቤተሰቡ ኮሌጅ ለመግባት የመጀመሪያ የሆነ»፣ «ቤቱ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ የሚናገር»፣ «መምህር መሆን የሚፈልግ» የሚሉት ሰፋ ያሉ ናቸው፤ የአባታችሁንም ሕይወት ይመስላሉ። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፦ ስኮላርሺፑ ለአንድ ዓመት ብቻ ነው ወይስ ይታደሳል? ካልተጻፈ በሁለተኛው ዓመት ተማሪውም እናንተም ትቸገራላችሁ።

ጥያቄ፦ ለቅሶ ላይ ሰው ከሟቹ ልጆች በአንዱ ስም ቼክ ጽፎ ሰጠን። ለስኮላርሺፑ ብናስገባው ሰጪዎቹ ደረሰኝ ያገኛሉ? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ)

መልስ፦ አያገኙም። ለግለሰብ የተጻፈ ቼክ፣ በጎፈንድሚ (በኢንተርኔት መዋጮ መሰብሰቢያው) ለቤተሰብ የተሰበሰበም ጭምር፣ ለግለሰብ የተሰጠ ስጦታ ነው። ታክስ ከሚከፈልበት ገቢ የሚቀነሰው እናንተ ራሳችሁ ለፋውንዴሽኑ የምትሰጡት ብቻ ነው። ለወደፊቱ በለቅሶ ማስታወቂያው ላይ ቼኩ በፋውንዴሽኑ ስም እንዲጻፍ፣ የፈንዱ ስም ደግሞ ከታች ማስታወሻው መስመር ላይ እንዲገባ ግለጹ። 250 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጠ ሰው የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል፤ የባንክ ወረቀት ብቻውን አይበቃም። ፋውንዴሽኑ የሰጪዎችን ስም ለቤተሰቡ እንዲልክም ጠይቁ፤ መጠኑን አብዛኛውን ጊዜ አይገልጽም፣ ለምስጋና ግን ስሙ ይበቃል።

ጥያቄ፦ 2,000 ዶላር ስኮላርሺፕ አሸነፍኩ፤ ዩኒቨርሲቲው ግን ከራሱ እርዳታ 2,000 ቀነሰብኝ። ምን ላድርግ? (የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ይህ ብዙ ተማሪ ላይ ይደርሳል። ከውጭ ያገኘሽውን ለትምህርት ቤቱ ማሳወቅ ግዴታሽ ነው፤ ግን ከምን እንደሚቀነስ መነጋገር ይቻላል። ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ በኢሜይል ጻፊ፦ በመጀመሪያ ከብድሩ፣ ቀጥሎ ከግቢ ውስጥ ሥራው ይቀነስ፤ ነፃ እርዳታው ይቆይ። ሜሪላንድ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎቿ እንዲህ ያለውን ቅነሳ እንዲገድቡ በ2017 ሕግ አውጥታለች፤ ትምህርት ቤትሽ የሕዝብ ከሆነ ይህን ጥቀሺ። እምቢ ካሉሽ ለፋውንዴሽኑ ደውዪና ክፍያው ወደሚቀጥለው ሴሚስተር ወይም ዓመት እንዲተላለፍ ጠይቂ፤ ብዙዎቹ ይተባበራሉ። ለትምህርት ክፍያና ለግዴታ መጽሐፍ የዋለው ታክስ የለበትም፤ ለዶርምና ለምግብ የዋለው ግን እንደ ገቢ ስለሚቆጠር ደረሰኞችሽን አስቀምጪ።

ጥያቄ፦ ፈንዱ ኢትዮጵያ ውስጥ ያሉ ተማሪዎችን መርዳት ይችላል? (ከሲያትል)

መልስ፦ ይቻላል፤ ግን በቀጥታ አይደለም። ገንዘቡ አሜሪካ ውስጥ ላልተመዘገበና ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚሠራ ድርጅት ከተላከ ፋውንዴሽኑ አስቀድሞ ማጣራት፣ ውል መፈረምና ስለ አጠቃቀሙ ሪፖርት መቀበል አለበት። ብዙ የአካባቢ ፋውንዴሽኖች ይህን ሥራ አይሠሩም፣ ወይም ተጨማሪ ያስከፍላሉ። አጭሩ መንገድ ኢትዮጵያ ውስጥ ትምህርት የሚደግፍና አሜሪካ ውስጥ የበጎ አድራጎት ፈቃድ ያለው ድርጅት መፈለግ ነው። ፈቃዱን በአይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ በስሙ ወይም በመለያ ቁጥሩ ማየት ይቻላል። ከመላካችሁ በፊት ተማሪዎቹን ማን እንደሚመርጥ፣ ክፍያው ለትምህርት ቤቱ ወይስ ለቤተሰቡ እንደሚሄድና በየስንት ጊዜው ሪፖርት እንደሚልክ በጽሑፍ ጠይቁ።