ተከታታይ ድራማ ሲሰለች፦ መቀጠል ወይስ መተው?

እኅታችን ከአዘዞ ያቀረቡት ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ከማስተማር ሥራዎ በኋላ ማታ የሚተርፍዎ አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ አንድ የአሜሪካ ተከታታይ ጀምረው አምስተኛው ክፍል ላይ ሰልችቶዎታል፤ ባልደረቦችዎ ግን «እስከ ሁለተኛው ሲዝን ታገሺ፣ ከዚያ በኋላ አትለቂውም» ይሉዎታል። ቤት ውስጥ ደግሞ እናትዎ የሚከታተሉት፣ በአማርኛ ድምፅ የተተረጎመ የቱርክ ድራማ አለ፤ እርሱንም መከታተልም መተውም አቅቶዎታል። ስለዚህ አንድ ተከታታይ ሊዘለቅበት የሚገባ መሆኑ በምን ይታወቃል ብለው ጠይቀዋል።

መልሴ ከሥራዬ የመነጨ ነው። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ለብዙ ዓመታት ፊልም ቤት ነበረኝ። መጀመሪያ ሲዲና ዲቪዲ አከራይ ነበር፤ ኋላ ሰው ሁሉ ፍላሽ ይዞ መምጣት ሲጀምር ሥራው ወደ መጫን ተለወጠ፤ አሁን ደግሞ ቴሌግራም ወስዶታል፤ ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት ብቻ የድሮ ደንበኞች ፍላሻቸውን ከመሳቢያ አውጥተው ብቅ ብለው ነበር። እንዲህ ያለ ቤት የተቀመጠ ሰው የሚማረው ተመልካች ከሚናገረው ሳይሆን ከሚያደርገው ነው። የመጀመሪያውን ሲዝን ያስጫነ ሁሉ «በጣም አሪፍ ነው» ይላል፤ ለሁለተኛው ተመልሶ የሚመጣው ግን ከፊሉ ነው። ይህ ልዩነት ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ ይታየኝ የነበረው ከጥምቀት በኋላ ነው። በዚያ ሰሞን ከተማው በእንግዳ ይሞላል፤ ከከተራ ጀምሮ ሰው ቤቱም አይገኝ፤ ይከታተለው የነበረውን ሁሉ ያቋርጣል። በዓሉ ካለፈ በኋላ አንዳንዱን ተከታታይ ያቆመበትን የክፍል ቁጥር ሳይቀር አስታውሶ ቀጣዩን ይጠይቃል፤ አንዳንዱን ግን ፍላሹ ላይ እንዳለ አስጠፍቶ በቦታው ሌላ ያስጭናል። የሚያስጠፋውም ብዙ ጊዜ በጅማሬው ሳምንት ብዙ የተወራለትን ነበር።

ከዚህ ተነሥቼ የደረስኩበት አቋም፣ ሊዘለቅበት የሚገባ ተከታታይ በመጀመሪያው ክፍል ግለትም ሆነ በሰው ወሬ አይለይም የሚል ነው። የሚለየው ሁለት ነገሮች ሲታወቁ ነው፤ አንደኛው ሥራው እንዴት እየተሠራ መቼ እንዲያልቅ እንደታሰበ፣ ሁለተኛው ደግሞ በአንዱ ክፍል የተደረገ ነገር በሚቀጥሉት ክፍሎች አድራጊውን ዋጋ የሚያስከፍለው መሆን አለመሆኑ።

ከመጀመሪያው ልነሣ። በአሜሪካ ነባር የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አንድ ሲዝን 22 ክፍል ገደማ የሚሆንበት ልማድ ለረጅም ጊዜ ቆይቷል፤ ተከታታዩም ታሪኩ ስላለቀ ሳይሆን ተመልካቹና ማስታወቂያው ስለቀነሰ ነው ብዙ ጊዜ የሚቆመው። ይህ በታሪኩ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ብዙዎቻችን የምናውቀውን ፕሪዝን ብሬክን ማንሣት ይበቃል። ወንድሙን ከሞት ፍርድ ለማዳን ሲል የእስር ቤቱን ካርታ ገላው ላይ ተነቅሶ ሆን ብሎ የሚታሰር መሐንዲስ ታሪክ ነው። ዕቅዱ 22 ክፍሎች ባሉት የመጀመሪያው ሲዝን ከተከናወነ በኋላ ታሪኩ በተፈጥሮው ሊያልቅ ይገባው ነበር። ነገር ግን ተፈላጊነቱ አላለቀምና በሦስተኛው ሲዝን ባለታሪኩ ፓናማ ውስጥ ሌላ እስር ቤት ተገኘ፤ ተከታታዩም እስከ እ.ኤ.አ. 2009 ዘልቆ በ2017 እንደገና ተመለሰ። እኔ ቤት የመጀመሪያውን ሲዝን ያስጫኑ ሰዎች እንቅልፍ ሳይተኙ በማግሥቱ ለቀጣዩ ይመጡ ነበር፤ ሦስተኛው ላይ ግን አብዛኞቹ አልተመለሱም። ሰዎቹ ትዕግሥት አጥተው አይደለም፤ ያለቀ ታሪክ መሆኑን ከአዘጋጆቹ ቀድመው ስለተረዱት ነው።

ተቃራኒውን የሚያሳየው ሎስት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ሲጀምር አውሮፕላን ተከስክሶባቸው ደሴት ላይ የቀሩ ሰዎችን ምስጢር እየደራረበ ይሄድ ነበር፤ ሦስተኛው ሲዝን ላይ አዘጋጆቹ ራሳቸው መጨረሻው መቼ እንደሆነ ሳያውቁ መጻፍ እንደከበዳቸው ተናግረዋል። በ2007 ግንቦት ላይ ጣቢያው ተከታታዩ በ2010 እንደሚያበቃ አስቀድሞ አስታወቀ። ስለ ፍጻሜው እስከ ዛሬ ሰው ቢከራከርም፣ ከዚያ ውሳኔ በኋላ ታሪኩ አቅጣጫ እንደያዘ ማንም ተመልካች ይገነዘባል። ስለዚህ አዲስ ተከታታይ ከመጀመርዎ በፊት ስንት ሲዝን እንዳለው፣ ማለቁን ወይም አለማለቁን፣ ያለቀውም በአዘጋጆቹ ፈቃድ ነው ወይስ በጣቢያው ተሰርዞ የሚለውን ብቻ ቢያጣሩ (ይህን ለማጣራት የታሪኩን ምስጢር ማንበብ አያስፈልግም) ከድካምዎ ግማሹ ይቀልልዎታል። የኮሪያ ድራማዎች በወጣቶች ዘንድ ከተወደዱባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ይመስለኛል፤ አብዛኞቹ 16 ክፍል ገደማ ሆነው በአንድ ሲዝን ያልቃሉ፣ ብዙውን ጊዜም አንድ ጸሐፊ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጽፋቸዋል።

የሀገራችን ድራማዎች ሌላ ችግር አለባቸው። በስፖንሰር የሚተዳደሩ በመሆናቸው፣ ብዙዎቹም እየተላለፉ ሳሉ የሚጻፉና የሚቀረጹ በመሆናቸው፣ ተዋናዩ ሥራ ሲለቅ ገጸ ባሕርይው በድንገት ውጭ ሀገር ይሄዳል፣ ስፖንሰሩ ሲዘገይም ምዕራፉ ይዘገያል። ይህን ዐውቆ የሚያይ ሰው አዘጋጆቹን በዚያ ልክ ይመዝናቸዋል። በኢቲቪ ይተላለፍ የነበረውን ሰው ለሰውን ያስታውሱ፤ ጎንደር ውስጥ ሰው እንዳያመልጠው ወደ ቤቱ ይጣደፍ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ተመልካቹን የያዘው አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ የሠራው ግፍ መቼ ይደርስበታል የሚለው ጥያቄ ነው እንጂ የቀረጻው ጥራት አልነበረም።

ይህም ወደ ሁለተኛው መለኪያ ያመጣኛል፤ በእኔ ግምት ከመጀመሪያውም የሚበልጠው እርሱ ነው። ልብ አንጠልጣይ አጨራረስ ማንም ይጽፋል፤ ሽጉጥ ደግኖ ምስሉን መቁረጥ ጥበብ አይጠይቅም። ቁም ነገሩ የተደገነው ሽጉጥ በሚቀጥለው ክፍል መጀመሪያ ምን ይሆናል የሚለው ነው። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሌላ ሰው በር ከፍቶ ገብቶ ነገሩ ከበረደ፣ ደጋኙም የተደገነበትም እንዳልነበረ ሆነው ከቀጠሉ፣ ያ ተከታታይ በሚቀጥሉት 50 ክፍሎችም እንዲሁ ያደርግብዎታል።

በአንጻሩ እርስዎ መምህር ስለሆኑ ብሬኪንግ ባድን ምሳሌ ላድርገው። የኬሚስትሪ መምህሩ ዋልተር ዋይት በመጀመሪያው ክፍል ሊገድሉት የመጡ ሁለት የዕፅ ነጋዴዎችን በመርዛማ ጋዝ ያፍናቸዋል። ሌላ ድራማ ቢሆን ሁለቱም ሞተው ታሪኩ ወደ ፊት በሮጠ ነበር። እዚህ ግን አንዱ ሞቶ አንዱ በሕይወት ይገኛል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ክፍል በአመዛኙ አስከሬኑን ምን እናድርገው፣ የተረፈውንስ እንግደለው ወይስ እንልቀቀው በሚል ጭንቀት ያልፋሉ። መምህሩ ወረቀት አውጥቶ ለመግደልና ላለመግደል የሚሆኑ ምክንያቶችን በሁለት ረድፍ ይጽፋል። በመጨረሻ ሊለቀው ወስኖ ቁልፍ ሊያመጣ ከወጣ በኋላ፣ ቀደም ሲል ምግብ ሲያመጣለት ወድቆ የተሰበረውን ሳህን ስብርባሪ ከቆሻሻ መጣያው አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይገጣጥመዋል፤ አንድ ሹል ቁራጭ ይጎድላል። ቁራጩ በማን እጅ እንዳለ ተመልካቹም መምህሩም እኩል ይረዳሉ። ይህ ትዕይንት ፍጥነት የለውም፣ ተኩስም የለውም፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ያ ሰው ወደ ክፍል ገብቶ እንደ ድሮው ማስተማር እንደማይችል ያውቃሉ። 

እዚህ ላይ ዝግታና ባዶነት እንዳይምታቱብን መጠንቀቅ ይገባል፤ ብዙ ሰው ደኅና ተከታታይ የሚተወው ሁለቱን ባለመለየቱ ነው። ዘ ዋየር ስለ ባልቲሞር ከተማ የተሠራ፣ በየሲዝኑ ፊቱን ወደ ተለያየ ተቋም፣ ማለትም ወደ ወደቡ፣ ወደ ከተማው አስተዳደር፣ ወደ ትምህርት ቤቱና ወደ ጋዜጣው የሚያዞር ሥራ ነው። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በጣም ይዘገያሉ። ነገር ግን በሁለተኛው ክፍል በዋዛ ያለፈ ሰው በስምንተኛው አስፈላጊ ሆኖ ይመጣል፤ እያንዳንዱ ትዕይንት ኋላ የሚያስፈልግዎትን ነገር ይሰጥዎታል። እኔ ቤት ይህን የጠየቁ ጥቂቶች ነበሩ፤ የጀመሩት ግን ለቀሩት ሲዝኖች መጥተዋል። ባዶ የሆነው ተከታታይ በሌላ በኩል ባለፈው ክፍል የሰጠውን ነገር በሌላ ልብስና በሌላ ሳሎን ይደግመዋል፤ ወጡ እንዲበቃ ውኃ እንደመጨመር ነው።

የቱርኩን ድራማ በዚህ ዐይን ብቻ ብንመዝነው ግን እንበድለዋለን። በሀገሩ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚተላለፍ ሲሆን አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊረዝም ይችላል፤ ወደ ውጭ ሲሸጥ በ45 ደቂቃ ገደማ እየተቆራረጠ አንዱ ሁለት ወይም ሦስት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም አቀፉ የኤሚ የቴሌቪዥን ሽልማት በቴሌኖቬላ (በረጅም ተከታታይ ድራማ) ዘርፍ ያሸነፈው ካራ ሴቭዳ በሀገሩ 74 ክፍል ነው፤ ተቆራርጦ በታየባቸው ሀገሮች ግን ቁጥሩ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ በየቤታችን በየቀኑ በገቡት በእነዚህ ድራማዎች ውስጥ ያለው ያ ረጅም ዝምታና ያ የማያልቅ መተያየት በሳምንት አንድ ማታ ተሰብስቦ ለሚያይ ቤተሰብ የተለካ ነበር፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ በየቀኑ ተመትሮ ስለሚቀርብ ነው የሚያሰለቸው።

ከፊልም ቤቴ ጎን ይኖሩ የነበሩ አንዲት እማማ ነበሩ። አንድ ሰሞን መብራት ለቀናት እየጠፋ ስላስቸገረ «እማማ፣ ድራማው አመለጠዎ አይደል?» ብዬ ብጠይቃቸው «ምን ያመልጠኛል ልጄ፤ ያች ልጅ እኮ ደብዳቤውን ገና አላነበበችውም» አሉኝ። እማማ ድራማውን እየነቀፉት አልነበረም። ቡና እያፈሉ፣ ከጎረቤት ጋር እየተጫወቱ፣ መብራት ቢጠፋም ሳይጨነቁ የሚያዩት ነገር ነው የሚፈልጉት፤ ያገኙትም እርሱን ነው። ለብቻው አንድ ሰዓት ቆጥቦ ለሚቀመጥ ሰው ግን ይኸው ጠባይ ትልቅ ጉድለት ይሆናል። ሦስት ክፍል አምልጦዎት ምንም ሳይጠይቁ መቀጠል ከቻሉ፣ ያ ሥራ ሰዓትዎን እንጂ ትኩረትዎን አልፈለገም።

አስቂኝ ተከታታዮች ከዚህ ሁሉ መለኪያ ውጭ ናቸው። በአንድ ካፌ ውስጥ እንደሚካሄደው እንደ ምን ልታዘዝ ያሉት በየክፍላቸው ራሳቸውን ስለሚችሉ ሲመችዎ ያዩዋቸዋል፣ ሳይመችዎ ይተዋሉ። «ሁለተኛው ሲዝን ይሻላል» የሚለው ምክር እውነት ሆኖ የሚገኘውም በአብዛኛው በእነዚህ ላይ ነው፤ የአሜሪካው ዘ ኦፊስ የመጀመሪያ ሲዝኑ 6 ክፍል ብቻ ነበር፣ ተዋንያኑም ጸሐፊዎቹም የገጸ ባሕርያቱን ጠባይ በደንብ ያገኙት ከዚያ በኋላ ነው። በተያያዘ ታሪክ ላይ ግን ይህ ተስፋ እምብዛም አይሠራም፤ አምስት ክፍል ሙሉ ግድ ያልሰጠዎት ሰው በሁለተኛው ሲዝን ቢታሰር ቢፈታም ግድ አይሰጥዎትም።

ስለዚህ ስለ አሜሪካው ተከታታይ የምመክርዎ ይህ ነው። ስድስተኛውን ክፍል ከመክፈትዎ በፊት እስካሁን ካዩዋቸው ክፍሎች ውስጥ ዋናው ገጸ ባሕርይ ያደረገውና በዚያ ምክንያት የማይመለስ ነገር የመጣበት ሁለት ቦታ ለማስታወስ ይሞክሩ። ካገኙ የሰለቸዎት ዝግታው ነውና የመጀመሪያውን ሲዝን ይጨርሱ፤ ካላገኙ ዛሬውኑ ይተዉት፣ ያባከኑት ጊዜም አያሳዝንዎት፤ ቀሪውን በመጨመር አይመለስም። የሚቀጥሉ ከሆነ ደግሞ ክፍሉ ሲያልቅ ሳይሆን መካከል ላይ ያጥፉት። ክፍሉ መጨረሻ ላይ ልብዎን አንጠልጥሎ ስለሚተውዎት የሚቀጥለውን የሚከፍቱት ወደውት ይሁን ተገደው አይታወቅዎትም፤ መካከል ላይ አጥፍተው በማግሥቱ ማታ ራስዎ ፈልገው ከከፈቱት ግን ምላሹን አገኙ።

የእናትዎን ድራማ በተመለከተ ከዚያ አንድ ሰዓትዎ ላይ አይቁረጡለት። ቡና ሲፈላ አብረው ይቀመጡ፣ ያመለጠዎትንም ይጠይቋቸው፤ መተረክ የሚወዱ ከሆነ ከድራማው ይልቅ የእርሳቸው አተራረክ ይጥምዎት ይሆናል። የአሜሪካውን ተከታታይ ስም ግን በጥያቄዎ ላይ አልጻፉትም፤ ቢጽፉልን ያየነው ሰዎች ስንት ሲዝን እንዳለውና በአግባቡ ያለቀ መሆኑን ምስጢሩን ሳናወጣ ልንነግርዎ እንችላለን።