ፕሮፔለሩ ቀጥ ብሎ ሲቆም

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንድ የበረራ ተማሪ «በአየር ላይ ሳለን የአውሮፕላኑ ፕሮፔለር ጭራሽ መዞሩን ካቆመስ?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው የቆየ ጸጸት ቀሰቀሰብኝ። እኛ አሰልጣኞች የሞተር መጥፋትን የምናለማምደው ስሮትሉን (የሞተሩን ኃይል መቆጣጠሪያ) እስከ መጨረሻው ስበን ነው፤ ሞተሩ ግን በዝግታ እየሠራ ነው። ይህን ልዩነት ሳልነግራቸው ያለፍኳቸው ብዙ ናቸው። በእውነት የጠፋን ሞተር ፕሮፔለር የሚያዞረው ነፋሱ ነው፤ ዋጋውንም የምትከፍሉት ከከፍታችሁ ነው። በልምምድ ተንሳፋችሁ ለማረፍ የደረሳችሁበት ማሳ በእውነተኛው ቀን ሊርቃችሁ ይችላል።

ቀጥ ብሎ የቆመው ፕሮፔለር ግን፣ ከመስታወቱ ፊት ተገትሮ ሲያዩት ቢያስደነግጥም፣ በነፋስ ከሚዞረው ያነሰ ነው የሚጎትተው። ይህን ሰምቶ ሆን ብሎ ለማቆም የሚሞክር አይጠፋም። ለማቆም አፍንጫውን አንስቶ ወደ ስቶል (ፍጥነት አንሶ ክንፉ መሸከም ወደሚያቅተው ደረጃ) መጠጋት ያስፈልጋል፤ እዚያ ላይ የሚባክነው ከፍታ ከሚገኘው ትርፍ ይበልጣል። ተዉት።

በትንሿ አውሮፕላናችን በሴስና 172ኤን መጀመሪያ የመንሳፈፊያውን ፍጥነት፣ 65 ኖት (በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ)፣ ያዙ። ቀጥሎ ካርቡሬተር ሂት (የካርቡሬተሩን በረዶ የሚያቀልጠውን ሙቅ አየር ማስገቢያ) ሳቡ፤ ሙቀቱ የሚመጣው ከጭስ ማውጫው ስለሆነ ብረቱ ከቀዘቀዘ በኋላ በረዶውን አያቀልጥላችሁም። የነዳጅ መምረጫው «ቦዝ» (ሁለቱም) ላይ፣ ሚክስቸር (የነዳጅና የአየር ድብልቅ መቆጣጠሪያ) ሙሉ፣ ማግኔቶው (የእሳት ብልጭታ ሰጪው) «ቦዝ» ላይ፣ ፕራይመሩ (ለማስነሻ ነዳጅ መርጫው) ተገፍቶ የተቆለፈ ይሁን። እጅ ወዲያው ቁልፉን ወደ «ስታርት» ማዞር ያምረዋል። ፕሮፔለሩ እየዞረ ከሆነ ነፋሱ የስታርተሩን ሥራ እየሠራላችሁ ነው፤ «ስታርት» የሚያስፈልገው ሲቆም ብቻ ነው። ዘይት አልቆ ነክሶ የቆመ ሞተር ላይ ደግሞ ባትሪ አትጨርሱ፤ ሬዲዮውም ፍላፑም (ለማረፊያ የሚወርደው የክንፍ ክፍል) የቀራቸው እሱ ብቻ ነው።

የዛሬ ልጆች ሞተር ሲያንኮራፋ ዓይናችሁ ታብሌቱ ላይ ይተከላል። ማሳው ከመስኮቱ ውጭ ነው! (ደመና ውስጥ ብሆን እኔም ታብሌቱን ማየቴ አይቀርም።)

አዲስ አበባ ላይ ከፍታ መለኪያው 9,500 ጫማ ቢያሳይ ብዙ ያላችሁ ይመስላል። መለኪያው የሚቆጥረው ከባሕር ወለል ነው፤ ቦሌ 7,625 ጫማ ላይ ስለሆነ ከመሬት ያላችሁ 2,000 እንኳ አይሞላም፤ ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። አየሩም ሳሳ ያለ ስለሆነ መለኪያው 65 ሲል በእውነት የምትሄዱት 75 ኖት አካባቢ ነው። መሬቱ ወደ እናንተ የሚሮጥ ይመስላችኋል፣ እጃችሁም ሳታውቁት መሪውን ይስባል። መስታወቱን ሳይሆን የፍጥነት መለኪያውን እመኑ።

በክረምት ዋልካ መሬት የፊት ጎማውን ይዞ ይገለብጣል፤ ድንጋያማም ቢሆን ጠንከር ያለ ግጦሽ ይሻላል። የታረሰ ማሳ ከሆነ ትልሙን ተከትላችሁ እንጂ አቋርጣችሁ አትውረዱ። ከተነሣችሁ በኋላ ወዲያው ከጠፋባችሁ ደግሞ ወደ ማኮብኮቢያው አትመለሱ፤ ክንፍን 45 ዲግሪ አዘንብሎ መታጠፍ የስቶል ፍጥነትን በ19 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

ማሳው እንደማያመልጣችሁ ስታረጋግጡ ሚክስቸሩን ቁረጡ፣ ነዳጅና ማግኔቶ ዝጉ፣ ፍላፑ ከወረደ በኋላ ማስተሩን (ዋናውን የኤሌክትሪክ ማብሪያ) አጥፉ። በሮቹን መሬት ሳትነኩ ክፈቷቸው፤ አካሉ ከተጣመመ በኋላ አይከፈቱም።