ሃምሳ ሜሪ መርፊ

ሰሞኑን የጻፉልኝ አይሪሽ አግብተው የትዳር ጓደኛቸውን የዘር ሐረግ አየርላንድ ድረስ የሚያፈላልጉ አንባቢዎች ናቸው። ቀኑም ዓመቶቹም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቦስተን ነው የምኖረው። የባለቤቴ ቅድመ አያት በ1840ዎቹ የድንች ረሃብ ጊዜ ከአየርላንድ መጣች ከማለት ውጪ ቤተሰቡ የሚያውቀው የለም። ከየት ልጀምር?

እህቴ፣ ከአየርላንድ አትጀምሪ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ ስም ብቻ ይዞ እዚያ መዝገብ ውስጥ ይገባና ሃምሳ ሜሪ መርፊ ይዞ ይወጣል። የሚያስፈልግሽ የአጥቢያዋ ስም ነው (የእኛ ካቶሊኮች ቁምስና ይሉታል)። እሱን ደግሞ እዚያው አሜሪካ ፈልጊው። የዜግነት ወረቀት፣ የሞት ምስክር ወረቀት፣ ያገባችበት ቤተ ክርስቲያን መዝገብ፣ የመቃብር ድንጋይ ሳይቀር እዪ። ቦስተን መሆንሽ ዕድል ነው፦ «ፓይለት» የሚባለው የካቶሊኮች ጋዜጣ ከ1831 እስከ 1921 የጠፋ ዘመድ ማፈላለጊያ ያወጣ ነበር። ወንድሟን የምትፈልግ እህት ከየትኛው ካውንቲ (አውራጃ)፣ ከየትኛው አጥቢያ እንደወጣ፣ መጨረሻ የት እንደታየ ታስጽፋለች። አንጀት ይበላል። ማስታወቂያዎቹ ተሰብስበው በመጽሐፍ ወጥተዋል።

የአየርላንድ መዝገብ ሁሉ ተቃጥሏል ይሉኛል። ልተወው?

አትተወው። በ1922 በእርስ በርስ ጦርነቱ ደብሊን ያለው መዝገብ ቤት ሲጋይ ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎች አብዛኛው ክፍል ወድሟል። የ1861 እና የ1871ን ግን እሳት አይደለም የበላው፣ መንግሥት ራሱ ነው ያስወገደው! የካቶሊክ የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ በየአጥቢያው ስለነበር ተረፈ። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ በ2015 እስከ 1880 አካባቢ ያለውን ኢንተርኔት ላይ በነፃ ለቆታል። የ1901 እና የ1911 ቆጠራም በነፃ አለ።

ጄምስን ስንፈልግ «ጃኮቡስ» አገኘን። ሌላ ሰው ነው?

ያው ጄምስ ነው፣ ብዙ ቄሶች በላቲን ነበር የሚጽፉት። ዊሊያምም «ጉሊየልሙስ» ሆኖ ብታገኙት አትደንግጡ። ይልቅ የሚያስቸግረው የቤተሰብ ስም ነው። እኛ ጋ የአባት ስም በየትውልዱ ይቀየራል፤ እነሱ ጋ ያው አንዱ ስም እየወረደ አንድ አጥቢያ ሙሉ ሰው ይጠራበታል። ለመለየት የክርስትና አባትና እናቱን ስም እዩ፣ ብዙ ጊዜ አጎት ወይም አክስት ናቸው።

ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት የዘር ሐረግ እስከ 1600ዎቹ ይሄዳል። ልመነው?

አኒ ሙር የምትባል የአየርላንዷ ኮርክ ልጅ በጥር 1 ቀን 1892 ኤሊስ ደሴት (ኒውዮርክ ያለው የስደተኞች መቀበያ) ሲከፈት የመጀመሪያዋ ገቢ ነበረች። ለዓመታት ቴክሳስ ሄዳ ኖረች ተብሎ ሲወራ ቆየና በ2006 ሲጣራ የቴክሳሷ አኒ ኢሊኖይ የተወለደች ሌላ ሴት ሆና ተገኘች፤ እውነተኛዋ ከኒውዮርክ ንቅንቅ አላለችም። ይህን ያህል የታወቀች ሴት እንዲህ ከተምታታች ያንተማ... በዚያ ላይ በገጠር አብዛኛው የካቶሊክ መዝገብ የሚጀምረው ከ1800 ወዲህ ነው። የ1600ዎቹን ሰው ከየትኛው መዝገብ እንዳገኘው ሐረጉን ኢንተርኔት ላይ ያወጣውን ሰው ጠይቀው።