የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ክፍለ ጊዜው ከፊል፣ ደብተሩ ሙሉ

ጥያቄ

ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ በታሪክ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ ላለፉት ሰባት ዓመታት ግን የሠራሁት በአንድ መሥሪያ ቤት የሰነድ ክፍል ውስጥ ነው። በቅርቡ አንድ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሳምንት 12 ክፍለ ጊዜ ታሪክ እንዳስተምርለት ጠይቆኛል። የያዝሁትን ሥራ ጨርሼ መልቀቅ አልፈልግም፤ መሥሪያ ቤቴም በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ እንድገባ ፈቅዶልኛል። ማስተማር ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው ሙያ ቢሆንም ሦስት ነገሮች ያሳስቡኛል። ውል ከመፈረሜ በፊት ትምህርት ቤቱን ምን ምን ልጠይቅ? በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እየታየሁ የታሪክን ትምህርት ሳይቆራረጥ ማስኬድ እችላለሁ? ተማሪዎቹና ባልደረቦቼስ እንደ መምህር ያዩኛል ወይስ እንደ እንግዳ?

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፤ ጥያቄዎ ሦስት ይምሰል እንጂ ሥሩ አንድ ነው፤ የመምህር ሥራ የሚለካው በምንድን ነው? ትምህርት ቤቱ ሥራውን በክፍለ ጊዜ ለክቶ «12» ብሎዎታል። በግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለዘጠኝ ዓመታት በከፊል ሰዓት ታሪክ አስተምሬአለሁና፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክርዎ ክፍለ ጊዜውን ለጊዜው ወደ ጎን ትተው ተማሪዎቹንና ደብተሮቹን እንዲቆጥሩ ነው።

እስቲ አብረን እናስላው። አንድ ሴክሽን በሳምንት 3 ጊዜ ታሪክ የሚማር ከሆነ 12 ክፍለ ጊዜ ማለት 4 ሴክሽን ነው፤ 2 ጊዜ የሚማር ከሆነ ግን 6 ሴክሽን ይሆናል። በአንድ ክፍል 25 ተማሪ ቢኖር በመጀመሪያው ድልድል 100፣ በሁለተኛው 150 ተማሪ ይደርስዎታል። አንድ የታሪክ ድርሰት በጥሞና አንብቦ፣ ኅዳጉ ላይ ሁለት መስመር አስተያየት ጽፎ ለመመለስ 6 ደቂቃ ብንይዝለት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ድርሰት ቢያጽፉ እርማቱ በመጀመሪያው 10 ሰዓት፣ በሁለተኛው 15 ሰዓት ይፈጃል። በውሉ ላይ ግን ሁለቱም «12 ክፍለ ጊዜ» ተብለው ይጻፋሉ፤ ክፍያቸውም አንድ ነው። ድርሰት ሳያጽፉ በምርጫ ጥያቄ ብቻ ዓመቱን ማሳለፍ ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን ተማሪው ምክንያትንና ውጤትን በራሱ ዐረፍተ ነገር ሲያያይዝ ካልታየ ታሪክ ተምሯል ለማለት ያስቸግራል።

የክፍል ደረጃውም ከሴክሽኑ ብዛት ባልተናነሰ ይመዝናል። አራቱም ሴክሽኖች የአንድ ክፍል ደረጃ ከሆኑ ዝግጅቱ አንድ ነው፤ ሦስት የተለያዩ ደረጃዎች ላይ ከተበተኑ ግን በየሳምንቱ ሦስት ጊዜ ከባዶ ይነሣሉ። ታሪክ የሚያስተምሩት መምህራን ጥቂት በሆኑባቸው ትምህርት ቤቶች ደግሞ የተረፈው ሁሉ ተጠራርጎ በከፊል ሰዓት ለሚሠራው መምህር መሰጠቱ የተለመደ ነው። በእርስዎ ቦታ ብሆን የአንድ ክፍል ደረጃ ሦስት ሴክሽኖችን፣ ማለትም 9 ክፍለ ጊዜ ብቻ እንዲሰጡኝ እጠይቅ ነበር። 12ቱ በሁለት ቀን ውስጥ ከታጨቁ በቀን 6 ክፍለ ጊዜ ቆሞ ማስተማር ሊመጣ ነው፤ በስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የተቀመጡት ልጆች ደግሞ የሚያገኙት የደከመ ሰው ነው።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በእኔ ስለ ደረሰ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የፈረምሁት ውል ስለ ክፍለ ጊዜ ብቻ የሚናገር ነበር፤ ስለ እርማት፣ ስለ ስብሰባና ስለ ፈተና ጥበቃ አንድም ቃል አልነበረበትም። የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ሲያልቅ 140 የድርሰት ወረቀት በሁለት ፌስታል አንጠልጥዬ ወደ ቤቴ የሄድሁበት ምሽት አሁንም ከዓይኔ አልጠፋም። ውጤት የሚገባበት ቀን ከሙሉ ሰዓት መምህራኑ ጋር አንድ ነበር፤ የእኔ ቀናት ግን በሌላ ሥራ የተያዙ ነበሩ። ወረቀቶቹን መልሼ ሳገላብጥ ከመቶኛው በኋላ የጻፍሁት አስተያየት ሁሉ «ጥሩ ነው፤ ምክንያቱን አብራራ» የሚል ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ምክንያቱን አብራርቶ የጻፈው ልጅም ያንኑ አስተያየት ተቀብሏል። እነዚያን ልጆች በድያቸዋለሁ።

ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት ከክፍያው ቀጥሎ የሚጠይቁት፣ ውሉ ከክፍል ውጭ ያለውን ሥራ ይቆጥረው እንደ ሆነ ነው። በማይገቡበት ቀን ስብሰባ ቢጠራ የመገኘት ግዴታ አለብዎ? ከተገኙስ ይከፈልዎታል? የቀረ መምህር ተክተው እንዲገቡ፣ ፈተና እንዲጠብቁ፣ በወላጆች ቀን እንዲገኙ ከተፈለገ ስንት ጊዜ? ትምህርት በሚዘጋባቸው ወራት ደመወዝ ይቀጥላል ወይስ ይቋረጣል? መልሱን በቃል መስማት አይበቃም፤ ርዕሰ መምህሩ ነገ ሊቀየሩ ይችላሉና በጽሑፍ ይሁን።

ይህን መጠየቅ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብዎ የሚሰጉ ከሆነ፣ ሐሳቡ ከእርስዎ ወይም ከእኔ የመነጨ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትና ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጡት የመምህራንን ደረጃ የሚመለከት የጋራ ምክረ ሐሳብ በመንግሥትም በግልም ትምህርት ቤት እስከ ሁለተኛ ደረጃ ፍጻሜ የሚያስተምሩትን ሁሉ ይመለከታል። በመደበኛነት በከፊል ሰዓት የሚሠራ መምህር ከሙሉ ሰዓቱ መምህር ጋር ተመጣጣኝ ክፍያ እንዲያገኝ፣ ከክፍያ ጋር የሚሰጥ ዕረፍት፣ የሕመምና የወሊድ ፈቃድ እንዲሁም ተገቢ የማኅበራዊ ዋስትና ሽፋን እንዲኖረው ይመክራል። የማስተማሪያ ሰዓት ሲወሰንም የተማሪው ብዛት፣ ለዝግጅትና ለምዘና የሚያስፈልገው ጊዜና በቀን የሚሰጡት የተለያዩ ትምህርቶች ቁጥር ከግምት እንዲገባ ይጠይቃል። የዓለም የመምህራን ቀን ኦክቶበር 5 የሚከበረውም ይህ ሰነድ የጸደቀበት ዕለት በመሆኑ ነው። ምክረ ሐሳብ እንደ ሕግ አያስገድድም፤ የየአገሩን የሥራ ሕግ ለብቻው ማየት ያስፈልጋል። ቢሆንም ለድርድር ሲቀመጡ መነሻ የሚሆን ቃል ይሰጥዎታል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልለፍ፤ ከሦስቱ ይበልጥ ደስ የሚለኝም እሱ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ለሚታይ መምህር የሚበጀው ትምህርቱን በምዕራፍ ከመከፋፈል ይልቅ በጥያቄ መከፋፈል ነው። የአንደኛው የዓለም ጦርነት መንሥኤ ብዙ ጊዜ ሚሊታሪዝም፣ ኢምፔሪያሊዝም፣ ናሽናሊዝም እየተባለ በዝርዝር ይሰጣል፤ ተማሪው ከአራት ቀን በኋላ ሲመለስ ዝርዝሩ ከአእምሮው ጠፍቶ ያገኙታል። እኔ ይህን ትምህርት የማስተምረው ወደ ጦርነቱ ባደረሱት 37 ቀናት አስልቼ ነበር። እ.ኤ.አ. ጁን 28 ቀን 1914 የኦስትሪያ-ሃንጋሪ አልጋ ወራሽ አርክዱክ ፍራንዝ ፈርዲናንድ ሳራዬቮ ላይ ተገደሉ፤ ጁላይ 23 ኦስትሪያ-ሃንጋሪ ለሰርቢያ የመጨረሻውን ማስጠንቀቂያ ሰጠች፤ ጁላይ 28 ጦርነት አወጀችባት፤ ኦገስት 1 ጀርመን በሩሲያ ላይ፣ ኦገስት 3 በፈረንሳይ ላይ ጦርነት አወጀች፤ ኦገስት 4 ብሪታንያ ገባችበት። በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ አንድ ውሳኔ ብቻ አንሥተን «ይህ መንግሥት በዚህ ቀን ሌላ ምን ማድረግ ይችል ነበር?» እያልን እንከራከራለን። ደወሉ ሲደወል ያልተመለሰው ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ይቀራል፤ ተማሪዎቹም ከደብተራቸው የመጨረሻ መስመር ላይ ይጽፉታል። የቀጣዩ ክፍለ ጊዜ የመጀመሪያ አምስት ደቂቃ የዚያ ጥያቄ ነው። በመካከል ያሉት ቀናት ለማሰብ ይጠቅማሉ፤ አንዳንዶቹ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ሳይቀር ተከራክረው ይመጡ ነበር።

በሳምንት 3 ክፍለ ጊዜ ያለውን ሴክሽን በሁለት ቀን ለማስተማር አንዱ ቀን ድርብ ክፍለ ጊዜ መሆኑ አይቀርም። ይህን ድርብ ሰዓት ለገለጻ ከማዋል ይቆጠቡ፤ ሰነድ ያንብቡበት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ቅጂ ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የኢጣሊያንኛው ቅጂ ግን ነገሩን ግዴታ አድርጎታል። የአማርኛውን ቅጂና የኢጣሊያንኛውን ትርጉም ጎን ለጎን በአንድ ገጽ አባዝቼ ባደልሁበት ቀን፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ፣ ከዚያ በፊት እጁን አውጥቶ የማያውቅ ልጅ «ታዲያ ትክክለኛው የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀ። መልስ አልሰጠሁትም፤ ሰሌዳው ላይ ሦስት ጥያቄ ብቻ ጻፍሁ። ማን ጻፈው? ለማን ተጻፈ? ጸሐፊው ምን ያገኝበታል? ክፍሉ ሰባት ዓመት ቆይቶ አድዋ ላይ ወደ ተደረገው ጦርነት የደረሰው በዚያች አንዲት ግሥ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ ስለ እርስዎ የማስበውን ልናገር። በሰነድ ክፍል ያሳለፏቸው ሰባት ዓመታት ከማስተማር ያራቁዎት መስሎ ተሰምቶዎት ይሆናል። እነዚያ ሦስት ጥያቄዎች ግን የእርስዎ የዕለት ሥራ ናቸው። አንድ ወረቀት ማኅተም የሌለው ለምን እንደ ሆነ፣ ከፋይሉ አንድ ገጽ ሲጎድል ምን ማለት እንደ ሆነ፣ ቀኑ ከይዘቱ ጋር ሲጋጭ የትኛውን ማመን እንደሚገባ በእጅዎ ዳስሰው ያውቁታል። ብዙ የታሪክ መምህራን ይህን የሚያውቁት ከመጽሐፍ ብቻ ነው። ለመጀመሪያው ትምህርትዎ ምሥጢር ያልሆነ፣ ስም የሌለበት አንድ ተራ አሮጌ ቅጽ ይዘው ይግቡ።

ተቀባይነትን በተመለከተ፣ ተማሪ መምህሩ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚገባ አይቆጥርም፤ ስሙን ማወቁንና የገባለትን ቃል መጠበቁን ግን ይቆጥራል። «ማክሰኞ እመልሳለሁ» ያሉትን ደብተር ማክሰኞ ይመልሱ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከማለቃቸው በፊት የሁሉንም ስም ለማጥናት የመቀመጫ ንድፍ ይሥሩ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ለሚገባ ሰው ይህ በራሱ አይመጣም።

ከባልደረቦች ጋር ያለው ነገር ከዚህ ይከብዳል። ወሬውም ውሳኔውም ያለው በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነው፤ እርስዎ በሌሉበት ቀን የፈተና ፕሮግራም ይቀየራል፣ አንድ ሴክሽን ለሌላ ጉዳይ ይወሰዳል። ከትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጋር በየሳምንቱ የአሥር ደቂቃ ቋሚ ቀጠሮ ይያዙ፤ ለመግባባት ከሚደረግ ብዙ ጥረት ይልቅ ይህ ይሠራል። በግል ትምህርት ቤት ከፋዩ ወላጅ በመሆኑ የልጁን ውጤት ይዞ የሚመጣ አይጠፋም። ያን ዕለት እርስዎ ባይኖሩም ስለ እርስዎ የሚናገርልዎት የማርክ መስጫ መመዘኛው ነውና፣ ድርሰቱ በምን በምን ነጥብ እንደሚታረም ገና ከመጻፉ በፊት ለተማሪዎቹ ያድሉ፤ አንድ ቅጂም ለኃላፊው ይስጡ።

ከሌላ አንባቢ የመጣ አጭር ጥያቄ

አንድ ሴክሽን ከሙሉ ሰዓት መምህር ጋር ተካፍዬ እንዳስተምር ተጠይቄአለሁ። እኔ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ እሳቸው ሁለት ይይዛሉ። እንዴት ብንካፈለው ይሻላል?

መልስ

እርስዎ ካቆሙበት እሳቸው፣ እሳቸው ካቆሙበት እርስዎ የሚቀጥሉበትን ዘዴ አልመክርም፤ አንድ ቀን ትምህርት በተዘጋ ቁጥር ሁለታችሁም የት እንደ ደረሳችሁ ይጠፋችኋል። የመማሪያ መጽሐፉን ሂደት እሳቸው ይያዙ፤ የእርስዎ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ለሰነድ ንባብና ለድርሰት ልምምድ ብቻ ይሁን፤ በዚያ ሳምንት ከተማሩት ርዕስ አንድ ምንጭ ይመርጣሉ። የማርክ መዝገቡ በአንድ ሰው እጅ ይሁን። ዓመቱ ከመጀመሩ በፊትም ሁለታችሁ አምስት የተማሪ ድርሰቶችን ለየብቻ አርማችሁ ማርካችሁን አስተያዩ፤ ልዩነቱ ከመቶ ከ10 ነጥብ ከበለጠ መመዘኛውን አንድ ላይ ተቀምጣችሁ እንደ ገና ጻፉት።